ስለ አሮጌ ካርታ መታደስና ስለ ብራና ቀዳዳ

በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳር፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቅ መንደር የሚኖሩ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤት አሉኝ። አባታቸው ዜማ ያወቁ፥ እጅ ጽሕፈታቸውም ያማረ ደብተራ ነበሩ። እኒያ ደብተራ ከጣልያን ወረራ በኋላ፥ አገሩ ገና እርሻና ባሕር ዛፍ በነበረበት ዘመን፥ የሰበካውን ምእመናን ቤት፥ መንገዱን፥ ምንጩንና ወንዙን፥ የየማሳውንም ስም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥለውና ጽፈው አኑረው ነበር። ሥራው በመሬት መለኪያ መሣሪያ የተሠራ አይደለም፤ በእግር ርምጃና በዓይን ግምት ነው። ዳሩ ግን ዛሬ አስፋልትና ፎቅ በሸፈነው ምድር ላይ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ የሚናገር፥ በዚያ ቤት ከዚያ ወረቀት በቀር ሌላ ምስክር የለም።

ወረቀቱ በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ሲኖር ከዘመናት በአንዱ ክረምት ቤቱ አፈሰሰና ውሃ ገባበት። ቡናማ እድፍ ግማሹን ሸፈነው፤ በመታጠፊያውም በኩል ብል በልቶት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ወጣበት። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ይህን አይቶ አዘነና፥ አያቱን ደስ ለማሰኘት ሲል፥ ወረቀቱን ወደ አንድ ፎቶግራፍ ቤት ወስዶ በኮምፒውተር እንዲታደስ አደረገ። ወጣቱ ባለሙያም እድፉን አጠበው፤ ቀዳዳውን ደፈነው፤ የደበዘዘውን አደመቀው። ካርታው ትናንት የተሣለ መስሎ በመስተዋት ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ቤተ ዘመዱም ተሰብስቦ እልል አለ። እኔም ተጠርቼ ሄጄ አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር አደነቅሁት።

ሽማግሌው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ አኑረው፥ «ልጄ፥ ይህ ወንዝ እኮ በዚህ አልፎ አያውቅም» አሉ። ሥዕሉን ሊሰቅል የመጣው ባለሙያ ደንግጦ፥ «አባባ፥ እዚያ ላይ ቀዳዳ ነበረ፤ ወንዙ ከላይም ከታችም ስላለ መካከሉን እኔ ቀጠልሁት» አላቸው። እርሳቸውም፥ «የላይኛው ሌላ ነው፥ የታችኛውም ሌላ ነው። የላይኛው ከረግረጉ ገብቶ ይቀራል፤ የታችኛው ከምንጩ ይነሣል። ምንጩ የነበረው እዚህ ነው» ብለው ያንኑ የተደፈነውን ስፍራ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የነበረው ደስታ ቀዘቀዘ።

ይህ ነገር ከልቤ ሳይወጣ ሰነበተ። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ባለሙያውም ሥራውን አላበላሸም፤ እንዲያውም እጅግ አሳምሮ ሠራው። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ፥ ሽማግሌው ካለፉ በኋላ፥ ያንን ሥዕል የሚያይ ሁሉ በዚያ ስፍራ አንድ ወንዝ ይፈስ ነበር ብሎ ይምላል፤ የምንጩም ነገር ጨርሶ ይረሳል። ብል የበላው ወረቀት፥ ቀዳዳው እስካለ ድረስ፥ «ይህን አላውቅም» ይል ነበር። የታደሰው ግን ያላየውን አየሁ አለ። እንግዲህ ማደስ ማለት ምን ማለት ነው? እስከ ምን ድረስስ ይፈቀዳል? ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ የወደድሁት ነገር ይህ ነው።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ፎቶሾፕ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩት ሲሆን፥ ለገበያ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሕፈት ውስጥ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ እንደ ማኅተም የሚሠራ ነው፤ ከሥዕሉ አንዱን ስፍራ ቀድቶ በሌላው ስፍራ ላይ ያትመዋል። በ2002 የተጨመረው ሌላው መሣሪያ ደግሞ የተቀዳውን ከአካባቢው ቀለምና ጥላ ጋር ያስማማዋል፤ ስለዚህ ስፌቱ አይታወቅም። በ2010 የመጣው ከዚህ አልፎ፥ ባዶውን ቦታ ፕሮግራሙ ራሱ ዙሪያውን ተመልክቶ እንዲሞላው አደረገ። በ2023 የተጨመረው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሰው በቃል ሲያዘው፥ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሥዕል ፈጥሮ ከባዶው ስፍራ ያስገባል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ለፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። በሙሽራ ፎቶግራፍ ላይ ጉንጯን የቧጨረ ጭረት ቢኖር፥ ከጭረቱ አጠገብ ያለውን መልክ ቀድቶ መሸፈን ማንንም አያስትም፤ ጉንጭ ጉንጭን ይመስላልና። በካርታ ላይ ግን አንዲት መስመር ወንዝ ናት፥ ወይም መንገድ ናት፥ ወይም ድንበር ናት። አንዲት ነጥብ መንደር ናት። በካርታ ላይ የተጨመረ መስመር ጌጥ ሊሆን አይችልም፤ ቃል ነው። ያልተባለን ቃል በሟች ሰው አፍ ማኖር ደግሞ በማናቸውም ሕግ ምስክርነት አይባልም።

ለዚህ ነገር የብራና ጸሐፊዎች የነበራቸው ሥርዓት መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል። ብራና ሲዘጋጅ ቍርበቱ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ በዚያን ጊዜ በቢላዋ ጥቂት የተነካች ስፍራ ብትኖር እየተሳበች ትሰፋና ክብ ቀዳዳ ትሆናለች። ጸሐፊው ይህን ቅጠል አይጥለውም፤ ብራና ውድ ነውና። በቀዳዳውም ላይ ሌላ ነገር ለጥፎ የሌለውን እንዳለ አያስመስልም። ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህ ጀምሮ ከቀዳዳው ወዲያ ይፈጽመዋል። የተሰነጠቀውን በክር ይሰፋዋል፤ ስፌቱ ግን ለሁሉ ይታያል። ቃል ዘልሎ እንደ ሆነም የተዘለለውን በመስመሩ ላይ ወይም በኅዳጉ ጽፎ የሚገባበትን ስፍራ በምልክት ያመለክታል። በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤም መምህራን ሁለት ልዩ ልዩ ንባብ ሲያገኙ አንዱን ደምስሰው አንዱን አያስቀሩም፤ እንዲህ የሚል አብነት አለ ብለው ሁለቱንም ለተማሪው ያስረዳሉ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የመጽሐፍ ጉድለት ለማንም አይደበቅም ነበር።

ይህ የአንድ መንደር ወረቀት ነገር ነው፥ ምን ያህል ያስጨንቃል የሚል ሰው ቢኖር፥ ከዓለም ታላላቅ ካርታዎች በአንዱ ላይ የሆነውን፥ የአገራችንንም ሰዎች የሚነካውን፥ አንድ ታሪክ ልጨምርለት። ነገሩ የሚጀምረው ከኢየሩሳሌም ነው፤ ይኸውም መንደራችን ስሙን ከወሰደበት ከቀራንዮ ከተማ ነው። ቀራንዮ በጽርእ ቋንቋ የራስ ቅል ማለት እንደ ሆነ ሊቃውንት ያውቁታል። ያ ስም ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ በሸዋ ኮረብታ ላይ እንዳረፈ ሁሉ፥ የሸዋና የአማራ፥ የዐባይና የአዋሽም ስም በኢየሩሳሌም በኩል ተሻግሮ በጣልያን አገር ወረቀት ላይ ያረፈበት ዘመን ነበረ።

በ1441 ዓ.ም.፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ በኢየሩሳሌም የነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ ኒቆዲሞስ ሰዎችን ወደ ፍሎረንስ ከተማ ላከ። በዚያ የሮማው ፓፓ ኤውጄንዮስ 4ኛ ጉባኤ አድርጎ ነበር፤ ጥሪውንም ያመጣው አልቤርቶ ዳ ሳርቴያኖ የተባለ የፍራንቼስኮስ ማኅበር መነኵሴ ነው። ከኢትዮጵያውያኑ መልእክተኞች ጋራ ከግብጽ የመጡት አባ እንድርያስም ነበሩ። የጉባኤው ጉዳይ የሃይማኖት አንድነት ነበረ፤ እርሱ ሳይጸና ቀርቷል፥ ዛሬም የምጽፈው ስለ እርሱ አይደለም። መልእክተኞቹ ያለፉበት መታሰቢያ ግን አልጠፋም፤ ፊላሬቴ የተባለው ሠዓሊ በ1445 በፈጸመው በሮማ የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል።

የጣልያን ሊቃውንት እነዚህን እንግዶች ባገኙ ጊዜ ከሃይማኖቱ ጥያቄ ሌላ ብዙ ጠየቋቸው፤ አገራችሁ ወዴት ነው፥ ንጉሣችሁ ማን ይባላል፥ ዐባይስ ከየት ይፈልቃል እያሉ። ፖጆ ብራቾሊኒና ቢዮንዶ ፍላቪዮ የተባሉ ጸሐፊዎች የሰሙትን በየመጽሐፋቸው ጻፉ። በዚያ ዘመን አውሮጳውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ «ቄስ ዮሐንስ» እያሉ ይጠሩት ስለ ነበረ፥ መልእክተኞቹ ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ሲባል ስለ ምን በማይጠራበት ስም ትጠሩታላችሁ ብለው እንደ ተገረሙ ይነገራል። እነሆ፥ ከዚያ በፊት አውሮጳ በግምትና በተረት የሞላውን ባዶ ስፍራ የአገሩ ተወላጆች በእውነተኛ ስም ማስተካከል ጀመሩ።

ከዚህም ቃል ካርታ ተወለደ። በ1454 ገደማ በፍሎረንስ «ኤጂፕቱስ ኖቬሎ»፥ ማለት አዲሲቱ ግብጽ፥ የተባለ ካርታ ተሣልቶ ከበጥሊሞስ የምድር መጽሐፍ ጋራ ተጠረዘ፤ ሦስት ቅጂዎች ሲኖሩት አንዱ በፓሪስ፥ ሁለቱ በቫቲካን ይገኛሉ። ግብጽን ብቻ ሳይሆን ዐባይን ተከትሎ የኢትዮጵያን ወንዞችና ቦታዎች ያሳያል። በዚያው ዘመን በቬኒስ አጠገብ በምትገኝ ደሴት ገዳም የነበረው መነኵሴ ፍራ ማውሮ ታላቁን የዓለም ካርታ ሠራ። በእርሱም ላይ ዐባይና አዋሽ፥ አማራና ሸዋ ይነበባሉ። ይህን ከየት አገኘኸው ለሚለው ሰው ፍራ ማውሮ ራሱ በካርታው ላይ መልስ ጽፏል፤ በዚያ አገር የተወለዱ መነኮሳት አውራጃዎቹን፥ ከተሞቹን፥ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው እንደ ሣሉለት፥ ስፍራ ስላነሰው ግን ሁሉን በተራው ለማኖር እንዳልቻለ ይመሰክራል። እነዚያ መነኮሳት በገዛ እጃቸው የሣሏቸው ወረቀቶች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ቃላቸውን የምናገኘው በሌሎች ሰዎች ካርታ ላይ ብቻ ነው።

ከነዚህ ካርታዎች ሁሉ ለዛሬው ነገራችን ዋናው ግን ሌላ ነው። ሄንሪከስ ማርቴሉስ የተባለ፥ በፍሎረንስ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ፥ በ1491 ገደማ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፥ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ የዓለም ካርታ ሣለ። በ1507 አሜሪካ የሚለውን ስም መጀመሪያ በካርታ ላይ የጻፈው ማርቲን ቫልድዜሙለር ከዚህ ዓይነቱ ካርታ ብዙ ቀድቷል፤ ኮሎምቦስም ይህንኑ ወይም የሚመስለውን አይቷል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ካርታው በ1962 ለአሜሪካው ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ግን ቀለሙ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ ስለ ደበዘዘ፥ በላዩ ያለው ጽሕፈት አብዛኛው የማይነበብ ነበረ። ታላቅ መሆኑ ይታወቃል፤ የሚናገረው ግን አይሰማም።

በ2014 ቼት ቫን ዱዘር የተባለ የካርታ ታሪክ ሊቅ ከፎቶግራፍና ከብርሃን ባለሙያዎች ጋራ ሆኖ ይህን ካርታ መረመረ። አንባቢ ልብ ብሎ ያስተውልልኝ፤ በብሩሽ አልነኩትም፥ በኮምፒውተርም አልሞሉትም። የሠሩት እንዲህ ነው። ካርታውን በአምሳ አምስት ክፍል ከፍለው፥ እያንዳንዱን ክፍል በዐሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ብርሃን እያበሩ ፎቶግራፍ አነሡት። ከብርሃኖቹ አንዳንዱ የሰው ዓይን የሚያየው ነው፤ አንዳንዱ ግን ከሐምራዊው ወዲያ ያለው አልትራቫዮሌት፥ ወይም ከቀዩ ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ የሚባለው፥ ዓይን የማያየው ነው። ሠዓሊው የተጠቀመባቸው ቀለሞች ልዩ ልዩ ስለ ነበሩ፥ አንዱ በአንዱ ብርሃን ሲጠፋ ሌላው ይወጣል። ከዚያም ሥዕሎቹን በኮምፒውተር እያስተያዩና እያቀናበሩ በዓይን የማይለየውን ጽሕፈት ከወረቀቱ ለዩት። ኮምፒውተሩ ከራሱ አንዲት ፊደል አልጨመረም፤ ያለውን ገለጠ እንጂ።

የተገለጠውም ነገር ሊቃውንቱን አስደነቃቸው። በአፍሪቃ ክፍል የተጻፉት ብዙ ስሞችና ወንዞች ምንጫቸው በ1441 ወደ ፍሎረንስ የሄዱት ኢትዮጵያውያን የተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ፥ የማርቴሉስ ካርታ ዛሬ ካሉት ከሦስቱ የኤጂፕቱስ ኖቬሎ ቅጂዎች የበለጠና ወደ ምሥራቅም የራቀ ዝርዝር ስላለው፥ ከነዚህ ሦስቱ የሰፋ ሌላ ቅጂ ቀድሞ እንደ ነበረ ቫን ዱዘር አስረድቷል። እንግዲህ የአባቶቻችን ቃል እኛ ከምናውቀው የሰፋ ነበረ ማለት ነው። አምስት መቶ ዓመት ያህል በደበዘዘ ወረቀት ውስጥ ተኝቶ፥ የሚያየው ብርሃን አጥቶ ቆይቶ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ ቍም ነገር አለ፤ ስለ እርሱ ስል ነው ይህን ሁሉ ማተቴ። እነዚያ የኢትዮጵያ ስሞችና ወንዞች በማርቴሉስ ካርታ ላይ በትክክለኛው ስፍራቸው አይደሉም። ወደ ደቡብ እጅግ ተስበው የአፍሪቃን ደቡባዊ ክፍል ሞልተውታል። በ1488 ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜዎ ዲያዝ የአፍሪቃን ደቡብ ጫፍ ዞሮ ተመልሶ ስለ ነበረ፥ የባሕሩ ዳርቻ በካርታ ላይ ሊሣል ተችሎ ነበር፤ መካከለኛው ምድር ግን ለአውሮጳ ባዶ ነበር። ካርታ ሠሪዎቹ ታላቅ ባዶ ስፍራ ፊት ለፊታቸው ሲያዩ፥ በእጃቸው ያለውን የኢትዮጵያን ወሬ ዘርግተው አለበሱት። ቃሉ እውነተኛ ነው፤ ስፍራው ግን ሐሰት ሆነ። ቀዳዳውን ባዶ መተው አልቻሉምና።

እንግዲህ ሄንሪከስ ማርቴሉስ የሠራውና በኮልፌ ያለው ወጣት ባለሙያ የሠራው አንድ ነገር አይደለምን? ሁለቱም በጎ አሳቢዎች ናቸው። ሁለቱም አጠገባቸው ካለው ወስደው ባዶውን ሞሉ። የአንዱ ስሕተት አንድ ምንጭ አጠፋ፤ የሌላው ስሕተት ወንዞቻችንን ወደማያውቁት ምድር አፈሰሳቸው። በ2014 ካርታውን የመረመሩት ሰዎች ግን ስሕተቱን አላረሙም። ከእኛ ወገን አንድ ቅን ሰው ተነሥቶ፥ በፎቶሾፕ ዐባይን ወደ ጣና፥ አዋሽንም ወደ ሸዋ መልሼ ካርታውን አቀናሁት ቢል፥ ለአገሩ የሠራ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ሰው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ የሚያስረዳንን ምስክር ዝም ያሰኘዋል። የጥንት ሰው ስሕተትም ታሪክ ነውና እንዳለ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ወደ መንደራችን ልመለስ። ይህን ሁሉ ለወጣቱ ባለሙያ በነገርሁት ጊዜ አልተቆጣም፤ እንዲያውም፥ «የኔታ፥ እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያውን በስካነር ያነሣሁትን አላጠፋሁትም፤ እንደገና እንሥራው» አለኝ። ይህ ቃል ከሁሉ በላይ ደስ አሰኘኝ። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠን ብዙ ሰዓት አብረን ዋልን።

በዚያ ቀን የተረዳሁት ነገር አለ። ኮምፒውተር የሚይዘው ማናቸውም ባለቀለም ሥዕል በሦስት ብርሃን የተከፈለ ነው፤ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሦስቱን ለየብቻ ማየት ይቻላል። የውሃው እድፍ ቡናማ ስለ ሆነ በሰማያዊው ክፍል ጠቍሮ ይታያል፤ በቀዩ ክፍል ግን እጅግ ፈዝዞ ሊጠፋ ይደርሳል። ደብተራው የጻፉበት ቀለም ደግሞ እንደ አባቶች ልማድ ከጥላሸት የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ነበረ፤ የጥላሸት ቀለም በየትኛውም ብርሃን ጥቁርነቱን አይለቅም። ስለዚህ ቀዩን ክፍል ብቻ ባየን ጊዜ፥ እድፉ እንደ ጉም ተገፈፈና ከሥሩ ሁለት የማሳ ስሞችና የአንድ ሰው ስም ወጡ። ሽማግሌው ስሙን ሲሰሙ፥ «እርሱ የክርስትና አባቴ ነው» አሉና ጥቂት ዝም አሉ።

ነገር ግን በዚያው ክፍል ሌላ ጽሕፈት ጠፋብን። ደብተራው የተከበሩትን ቦታዎች ስም በቀይ ቀለም ጽፈው ነበርና፥ ቀይ ቀለም በቀይ ብርሃን ሲታይ ከወረቀቱ ጋራ ይመሳሰላል። እርሱን ለማግኘት ወደ አረንጓዴውና ወደ ሰማያዊው ክፍል መመለስ ነበረብን። እንግዲህ አንዱ ብርሃን የሚገልጠውን ሌላው ይሰውረዋል፤ በአንዱ ብቻ አይቶ ሁሉን አየሁ የሚል ሰው ይሳሳታል። በዬል በዐሥራ ሁለት ብርሃን የተደረገው ጥበብና በኮልፌ በሦስት ብርሃን የተደረገው፥ ልካቸው እጅግ ቢራራቅም፥ ሥራቸው አንድ ነው።

ቀዳዳውን ግን ምንም ብርሃን አልሞላውም፤ በዚያ ስፍራ ወረቀት የለምና። ስለዚህ ባዶውን ተውነው። ባለሙያው ከሥዕሉ በላይ በተለየ ንብር፥ እንደ ስስ ወረቀት ሊነሣና ሊመለስ በሚችል ስፍራ፥ ሽማግሌው የሚያስታውሱትን ምንጭ በሰማያዊ ነጥብ አመለከተ፤ ከግርጌውም ይህ ከወረቀቱ የተገኘ ሳይሆን በልጃቸው ቃል የተነገረ መሆኑን ከነቀኑ ጻፈ። ሽማግሌው ራሳቸው፥ «እኔም ሰው ነኝና ልሳሳት እችላለሁ፤ ብሳሳት ስሕተቱ የኔ እንጂ የአባቴ አይሁን፤ ስሜን ጻፉበት» ብለው አዘዙ። ስለ ማደስ ከዚህ የበለጠ ሕግ ከማንም አልሰማሁም።

በየአድባራቱና በየገዳማቱ፥ በየከተማው ሰው ቤትም፥ ያረጁ ጽሕፈቶችና የቦታ ሥዕሎች ዛሬም ሞልተዋል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ እያንዳንዱን ቅጠል ከነእድፉና ከነቀዳዳው እንዳለ ነው ያነሣው፤ ስለዚህም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይታመኑበታል። አሁን ግን በየኪሳችን ባለው ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ በየሰፈሩም ባለው ፎቶ ቤት ማሳደስ ቀላል ሆኗል። ስለዚህ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አራት ነገር እንዲጠብቁ እለምናለሁ። አንደኛ፥ ታድሷል ብሎ አሮጌውን ወረቀት መጣል አይገባም፤ ነገ የተሻለ ብርሃን ይመጣ ይሆናልና። ሁለተኛ፥ መጀመሪያ የተነሣው ሥዕል ምንም ሳይነካ በልዩ ስፍራ ይቀመጥ፤ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። ሦስተኛ፥ እድፍን ማንሣትና የሌለን መጨመር ልዩ ልዩ መሆናቸው ይታወቅ። አራተኛ፥ ግድ ሆኖ የተጨመረ ነገር ቢኖር፥ ማን እንደ ጨመረው፥ መቼና ከምን እንዳገኘው ተጽፎ በሌላ ቀለም ይታይ።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ሽማግሌውን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ያማረው ሥዕል ከግድግዳው ወርዶ፥ በስፍራው ሁለተኛው ተሰቅሏል፤ እድፉ በጥቂቱ ይታያል፥ በመካከሉም ቀዳዳው ነጭ ሆኖ አለ። ከቤቱ ሕፃናት አንዷ ወደ እርሱ እያመለከተች፥ «አባባ፥ ይህ የተቀደደው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ከጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው፥ የምንጩን ነገር፥ ውሃ ሊቀዱ ከእናታቸው ጋራ የሚወርዱበትን መንገድ፥ በበጋም እንኳ እንደማይደርቅ ይነግሯት ጀመር። ወንዝ ተሥሎበት ቢሆን ኖሮ አትጠይቅም ነበር።